እማዬ በረንዳውን የመረጠች ቀን

እማዬ ነፋስ አትወድም። ይህን ከኡራኤል ለገሃር የሚመላለስ ወያላ ሁሉ ሳያውቅ አይቀርም። የግንቦት ሙቀት ተሳፋሪውን በላብ ሲያጠምቀው እንኳ፣ ከፊቷ የተቀመጠ ሰው የታክሲውን መስኮት አንድ ጣት ያህል ከከፈተ አለቀለት። «የኔ ልጅ፣ ዝጋው እባክህ፤ ብርድ ይመታኛል» ትላለች፤ ነጠላዋንም እስከ አፍንጫዋ ትስባለች። ሰውየውም ይዘጋል። እምቢ ያላትን ሰው አይቼ አላውቅም።

ስለዚህ ጡረታ በወጣች ጊዜ፣ ባሕር አይታ አታውቅምና እኔና ታላቅ ወንድሜ ከዱባይ በሚነሳ የመዝናኛ መርከብ ልንወስዳት ስንወስን፣ የክፍሉ ነገር ለወንድሜ ገና ሳይጀመር ያለቀ ነበር። መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል።

«ማለቴ፣ ለእሷ እኮ ከዚህ የተሻለ የለም» አለኝ። «ነፋስ የለ፣ ምን የለ። በቃ፣ ተመችቷት ትተኛለች።»

ደሜ ፈላ። እማዬ እኛን ያሳደገችበት የካዛንቺስ የቀበሌ ቤት አንዲት መስኮት ነበረችው፤ እሷም የምትከፈተው ወደ ጎረቤት ግድግዳ ነው። እጃችንን ብንዘረጋ ጭቃውን እንነካዋለን። በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርተን ነበር የምናጠናው። ሰፈሩ ፈርሶ ኡራኤል አጠገብ እኔ ዘንድ እስክትገባ ድረስ የኖረችው እዚያ ነው። አሁን ደግሞ ባሕር እናሳይሽ ብለን ወስደን፣ ባሕሩ መሃል መስኮት የሌለው ክፍል ልንዘጋባት! ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኩት።

«እሺ፣ ብርድ መቷት ስትታመም አንቺ ታስታምሚያታለሽ» አለኝ።

እዚህ ላይ ልክ ነበር። ነፋስ መፍራቷ እውነት ነው።

ደምበል አጠገብ ወዳለው የጉዞ ወኪል ቢሮ የሄድነው ሦስታችንም ነን። እማዬ የመጣችው ፓስፖርቷን ለመስጠት እንጂ ለመምረጥ አልነበረም። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ወንድሜ «የውስጡን ያዢልን» ብሎ ነገሩን ሊቋጨው ሲል፣ የቢሮው ሠራተኛ፣ እግዜር ይስጣት፣ ኮምፒውተሯን ወደ እማዬ አዞረችው።

«እናቴ፣ እርስዎም ይዩት እንጂ።»

የሦስት ዓይነት ክፍል ፎቶ አሳየቻት፤ መስኮት የሌለውን፣ የማይከፈት መስኮት ያለውን፣ በረንዳ ያለውን። እማዬ መነጽሯን ከቦርሳዋ አውጥታ አደረገች። ዓይኗ በረንዳው ላይ ቀረ።

«ይቺን የመስተዋት በር ማን ነው የሚከፍታት?»

«እርስዎ ነዎት። የምትቆለፈው ከውስጥ ነው።»

«ሌላ ሰው ከውጭ አይከፍታትም?»

«ማንም አይከፍታትም፣ እናቴ። ውጭው ባሕር ነው።»

«እንግዲያው እኔ ይቺን ነው የምፈልገው።»

ወንድሜ ከወንበሩ ተነሳ። «እማዬ፣ ነፋሱስ?»

«የታክሲው ነፋስ እኮ የሌላ ሰው ነው» አለችው፤ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «እሱ ሲሞቀው ይከፍታል፣ ብርዱ የሚመታው እኔን ነው። ይሄኛውን ስፈልግ እከፍተዋለሁ፣ ሳልፈልግ እዘጋዋለሁ። ደግሞስ እስካሁን ማን ጠየቀኝ?»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሁለታችንም ስለ እሷ ስንሟገት ከርመን እሷን አልጠየቅናትም፤ ይህን አውቃለሁ፣ ግን በዚያች ሰዓት ለጸጸት ጊዜ አልነበረኝም። እዚያው ቢሮ ውስጥ እልል ማለት ነበር ያማረኝ። ወንድሜ ግን እልኸኛ ነው፤ ለራሱ የውስጡን ክፍል ያዘ። «ክፍል ለመተኛት ነው» አለ፤ አልተከራከርኩትም።

መርከቡ ከወደብ በወጣ ማግስት ጠዋት ስነቃ የእማዬ አልጋ ባዶ ነው። በረንዳው ላይ ቆማለች፤ ጋቢዋን ደርባ፣ ጆሮዋን በነጠላ ጠቅልላ፣ ሁለት እጇን የበረንዳው ብረት ላይ አድርጋ። የመስተዋቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ነፋሱ መጋረጃውን እያነሳ ይጥለዋል። ከፊቷ ባሕር ብቻ ነው፤ እስከ ሰማይ ድረስ አንድም ግድግዳ የለም። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። ፊቷን ሳይ ደስታዬን መቻል አቃተኝና አለቀስኩ።

የክፍላችን በር ተንኳኳ። ወንድሜ ነው፤ ፀጉሩ ቆሟል፣ ዓይኑ አብጧል።

«ነግቷል እንዴ? እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሌት ይሁን ቀን አይታወቅም እኮ!»

ሳቄን ለቀቅኩት። እሱ አልሰማኝም፤ እማዬ ነፋስ ላይ መቆሟን አይቶ ደንግጧል። እየተጣደፈ አለፈኝና የመስተዋቱን በር ሊዘጋ ያዘው።

እማዬ ዞር እንኳ አላለችም።

«የኔ ልጅ፣ ተወው እባክህ» አለችው። «ክፍት ይሁን።»