የማዳም ሲራኑሽ ብርድ ልብስ

ልጅ ሆኜ የመስከረም ሽታ ለእኔ የረጠበ የበግ ፀጉር ነበር። አዲስ አበባ፣ እናቴ ልብስ የምታጥብላቸው ማዳም ሲራኑሽ የሚባሉ አርመናዊት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እኛም ግቢያቸው ውስጥ ነበር የምንኖረው። ክረምቱ ሲወጣ አንድ አሮጌ ቀይ ብርድ ልብስ ከሳጥን ያወጡና ስፌቱን ይተረትሩታል። ውስጡ የተጠቀጠቀውን የበግ ፀጉር እናቴ በሳፋ ታጥበዋለች፤ ሲደርቅ እኛ ልጆቹ በአርጩሜ እየቀጠቀጥን እናፍታታዋለን። ብናኙ ፀጉራችን ላይ ሲያርፍ ሽማግሌ ሆንን እያልን እንስቃለን። ማዳም ግን አይስቁም። መልሰው ይሰፉታል፣ ያሸቱታል፣ ፊታቸውን አጥቁረው ሳጥን ውስጥ ይከቱታል።

አንድ ዓመት እናቴን መረራት። «ኧረ ማዳም፣ ማንም ሳይለብሰው ምኑን ነው የማጥበው?»

ያኔ ነው የነገሯት። አገራቸው ቱርክ ውስጥ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቱርኮቹ አርመኖችን ከየቤታቸው አውጥተው ወደ በረሃ ነዷቸው፤ እናታቸው እዚያው ሞተው ቀሩ። ጦርነቱ ሲያበቃ የፈረንሳይ ጦር ከተማውን ያዘና የተረፈ መጥቶ ቤቱን ይረከብ ተባለ። ማዳም ያኔ ኮረዳ ናቸው፤ ከአንድ ወታደር ጋር ሄደው የገዛ በራቸውን አንኳኩ። የከፈተችው ቤቱን ይዛ የምትኖርበት ቱርካዊት የድሮ ጎረቤታቸው ነበረች። «ልጄ! እንኳን ተረፍሽልኝ! ግቢ፣ ቤትሽ ነው!» ብላ አቅፋ ሳመቻቸው። በእናታቸው ሳህን አበላቻቸው። ሲተኙም የእናታቸውን የሠርግ ብርድ ልብስ አለበሰቻቸው፤ የሰው ላብ፣ የሕፃን ሽንት፣ የከረመ የፀጉር ቅባት ይሸታል። «እንዴት አድርጌ እንደያዝኩልሽ አየሽ?» ብላ ምስጋና ጠበቀች። ቤቱስ ተመለሰላቸው። ፈረንሳዮቹ ለቀው ሲወጡ ግን እንደገና ተሰደዱ፤ ያንን ብርድ ልብስ ብቻ ይዘው አዲስ አበባ ገቡ።

እናቴ መሬት ላይ ትፍ አለች። «ቀምቶ ደግሞ መመረቅ ያምረዋል! ይጣሉት ይሄን!»

«የእናቴ እጅ ነው የሰፋው» አሉ ማዳም። «እሱን ለብሼ ብሞት ደስ ይለኛል። ሽታው አልለቅ አለ እንጂ።»

በዚያ ዓመት እናቴ ውኃው ላይ ጠበል ጨምራ አጠበችው። ተሰፍቶ ሲያልቅ ማዳም «ና አሽትልኝ» አሉኝ። አፍንጫዬን ቀበርኩበት፤ ሳሙናና ፀሐይ ብቻ። «ምንም አይሸትም» አልኳቸው። እሳቸውም አሸተቱት፤ ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁና ሳጥኑን ከፍተው መልሰው ከተቱት። ምን ልበላችሁ፣ የሞቱ ቀን የለበሱት የእናቴን ጋቢ ነበር።

አሁን የምኖረው አምስተርዳም፣ ኢንዲሸ ቡርት የሚባል ሰፈር ነው። ጎረቤታችን የሆኑ ሆላንዳዊት አሮጊት ወድቀው ሆስፒታል ገቡ። ቤታቸውን የምታጸዳላቸው፣ ቁልፋቸውም እጇ ላይ ያለ አንዲት ያገሬ ልጅ ባለፈው እሑድ ሻይ ጠራችኝ። ብገባ ቤታቸው የማውቀው የአሮጊቷ አረንጓዴ ሶፋ እሷ ሳሎን ተቀምጧል።

«ሴትዮዋ ሞቱ እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ አሉ ጋሼ! ግን ከእንግዲህ ወዴት ይመለሳሉ ብለው ነው? ሶፋው ደግሞ ሲያምር! ይቀመጡ እንጂ፣ ጉልበትዎን ያምዎታል።»

በልጅነቴ የማዳም አፍንጫ የታመመ ይመስለኝ ነበር። ሶፋው ታጥቧል፣ ሽቶም ተረጭቶበታል፤ እኔን ግን የዚያች አሮጊት ገላ ሸተተኝ። ሻዩን ቆሜ ተቀበልኳት። ሳልቀምሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።