የሺእመቤትን «ዊዳድ» ብሎ የጠራ ውሃ ይቀዳለታል

የፀሐዬ ልጅ የሺእመቤት ከጅዳ የተመለሰች ዕለት መንደሩ ሻንጣዋ ላይ ሲያፈጥ ዋናውን ነገር ያየ የለም። ልጅቷ የገባችው ሁለት ስም ይዛ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአሥር ዓመት በፊት ነው። ያኔ ከአስኮ ዝቅ ብሎ ባለው መንደራቸው አጥሩ ከቆርቆሮ ወደ ብሎኬት የተለወጠ ቤት ካያችሁ፣ ከዚያ ቤት ሴት ልጅ ዓረብ አገር ገብታለች ማለት ነው፤ መጠየቅም አያስፈልግ። በግራ የእነ ራህማ በር ብረት ሆነ። በቀኝ የእነ ማኑሄ ሳሎን ሴራሚክ ለበሰ። የእነ ፀሐዬ አጥር ብቻ ጥርሱ እንደረገፈ ሽማግሌ ገጥጦ ቀረ። የሺ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ችግር አስወጣት ይላሉ፤ ችግሩስ አልጠፋም፣ ግን እውነቱን ካወራን ያስወጣት የጎረቤት በር ነው።

ፓስፖርቱን ደላላው ጨረሰላት። ገልጣ ብታይ ፎቶው የሷ፣ ስሙ ግን «ዊዳድ ኑሕ»፣ ዕድሜውም ሃያ አምስት።

«እንዴ! እኔ ደግሞ መቼ ነው ዊዳድ የሆንኩት?»

«ትናንት ከሰዓት» አላት ደላላው። «ዓረቦቹ የሚወዱት የእስላም ስም ነው። ምን አስጨነቀሽ?»

«አባቴስ? የኔ አባት ፀሐዬ ነው።»

«አባትሽ አይሄድ! ምን ያደርግለታል?»

ፀሐዬ ደግሞ የቸርቻቸው ሽማግሌ፣ ሲጸልይ ጣሪያ የሚያነሳ ሰው ነው። በሱ ቦታ ሌላ አባት መግባቱን ቢሰማ ምን እንደሚል ታውቃለችና፣ ነገሩን ዋጥ አድርጋ ሄደች። እዚያ ስትደርስ የአሠሪዎቿን ስልክ ለቤተሰቡ ላከች፤ ስሙን ግን ለማንም አልተነፈሰችም።

ጉድ የሠራቻት ያቺ ዝምታ ናት። በስድስተኛው ዓመት ፀሐዬ በጠና ታመመ፤ ልጄን አሰሙኝ አለ። የሺን የራሷን ስልክ እመቤቲቱ ቀምታታለች። እናቷ ጽጌማርያም የእድራቸውን ዳኛ ጋሽ ኢብራርን «ቁርአን የቀራ ሰው ነው፣ ዓረብኛ አያቅተውም» ብላ አስደወለች። ጋሽ ኢብራር እንደምንም «የሺእመቤትን አገናኙን» አለ። ሴትየዋ «እንዲህ የምትባል እዚህ የለችም» ብላ ጠረቀመችበት። ደግሞ ደወለ፤ ደግማ ጠረቀመችው።

የሺ የሰማችው አባቷ ከተቀበረ ከአምስት ወር በኋላ ነው። ያን ቀን አላለቀሰችም፤ የአሠሪዋን ባል ሸሚዝ ሁሉ እየደራረበች ተኮሰች። ስትጨርስ «አገሬ ስገባ ሥራዬ፣ አባቴን ስሜ ላይ መመለስ ነው» አለች።

ይኸው ገባች። እዚያው የለመደችውን ልብስ ስፌት ልትከፍት ነው። ንግድ ፈቃዱ መታወቂያ አምጪ ይላል፣ መታወቂያው ደግሞ ስም። ወረዳ የምትሠራው ሄቨን የምትባል ልጅ ፓስፖርቱን አገላብጣ፣ «እህት፣ በዚህኛው ስም ከሆነ ዛሬውኑ ያልቃል። በየሺእመቤት ካልሽ ግን ከልጅነትሽ የሚያውቁ ሦስት ምስክር ይዘሽ በቀጠሮ ነው» አለቻት።

«ልጄ፣ ዊዳድ በይና ገላግይን» አለች ጽጌማርያም።

«አልልም!»

በቀጠሮው ቀን ጋሽ ኢብራር፣ ራህማና ማኑሄ ተከትለዋት ሄዱ። እሱ ለሶላት ወጣ፤ ሁለቱ ሴቶች ነፋስ እንቀበል ብለው የሰው ወሬ ሊቀበሉ ወጡ። የሺ ብቻዋን አግዳሚው ላይ ቀረች። ሄቨን ብቅ ብላ «የሺእመቤት ፀሐዬ!» አለች። የሺ ግድግዳውን ታያለች። ሦስቴ ተጠራች፤ ንቅንቅ የለም። ተራዋ አለፈ።

«ስምሽን አንቺ ካላወቅሽው እኔ በምን ልመን?» ብላ ሄቨን ለሁለት ሳምንት ቀጠረቻት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ማኑሄ በሳቅ ፈረሰች። ከኋላ ቀረት ብላ «ዊዳድ!» ብትላት፣ የሺ እመር ብላ ዞረች። አሁን እልህ ያዛት።

«ስሙ! ከዛሬ ጀምሮ ዊዳድ ብሎ ጠርቶኝ ከዞርኩለት፣ ከቦኖ አንድ ጀሪካን ውሃ እቀዳለታለሁ።»

ወይ ጉድ! ቧንቧ በሳምንት ሁለቴ ብቻ ለሚመጣበት መንደር እንዲህ ይባላል? ማኑሄ በአጥር ቀዳዳ፣ ራህማ ከታክሲ ፌርማታ፣ ሁሉም «ዊዳድ!» ሆነ። የሺ እየዞረች ቀዳች፣ ወገቧን ይዛ ቀዳች። ጋሽ ኢብራር እንኳ ሽማግሌነቱን ረስቶ ጠራትና የውዱእ መታጠቢያ ውሃ አስመጣ። ጀሪካኑን ስታወርድ ግን አስቀመጣት።

«እኔ ከስልጤ ስመጣ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ጫማ ስጠርግ አራት ዓመት ሙሉ ስሜ ሊስትሮ ነበር። አንድ ቀን አጎቴ ከአገር መጥቶ ጦር ኃይሎች ላይ ኢብራር ቢለኝ አልፌው ሄድኩ።»

«ከዚያስ ጋሼ?»

«ከዚያማ በጥፊ አስታወሰኝ። አንቺስ በውሃ ነው፣ ተመስገን በይ።» ጀሪካኑን ወደ ራሱ እየሳበ፣ «ያን ቀን ጅዳ ስደውል ስሙን ባውቅ ኖሮ…» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው።

በሁለተኛው ሳምንት የሺ መዞሯን እየተወች፣ ውሃው እየቀነሰ መጣ። በመጨረሻ ማኑሄ በርሜሌ ደረቀ ብላ ታማርር ጀመር።

ቀጠሮው ደረሰ። አሁንም ኮሪደሩ ላይ ተደርድረዋል። ማኑሄ መቼም አያስችላት፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክራት ብላ ከወዲያ ጥግ «ዊዳድ!» አለች። የሺ አልዞረችም።

«አቤት!» አለች ከጎኗ የተቀመጠች አንዲት ልጅ።

የሺ ዞር ብላ አየቻት። ጉንጯ ገና የልጅ ነው፤ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ታቅፋለች።

«ስምሽ ዊዳድ ነው?»

«ኧረ ሆሳዕና ነው» አለች ልጅቷ አፍራ። «ደላላው ከአሁኑ ልመጂው ብሎኝ ነው።»

«አባትሽ ያውቃል?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

«ስሚኝ የኔ እህት። አትሂጂ አልልሽም፤ እኔም ሄጃለሁ፣ የእናቴን አጥር ሠርቻለሁ። ግን ዕድሜሽም ይድረስና፣ በስምሽ ሂጂ። አባትሽ የፈለገሽ ቀን ማን ብሎ ይጠይቅ?»

«የሺእመቤት ፀሐዬ!» አለች ሄቨን።

«አቤት!» የሺ ብድግ ስትል ያገር ሰው ዞረ። ከውስጥ ማኅተም የሚመታው ሰው እንኳ አንገቱን አወጣ። ሦስቱ ምስክሮች ተንጋግተው ተከተሏት፤ ጋሽ ኢብራር ሳይጠየቅ «የፀሐዬ ልጅ ናት!» እያለ ገባ።

መታወቂያዋን ይዛ ስትወጣ የአባቷን ስም በአውራ ጣቷ እየዳበሰች ነበር። አግዳሚው ባዶ ነው። ሆሳዕና ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ደጅ ቆማለች። አባቷ ጋ ትሁን ደላላው ጋ ወዲያው አልታወቀም፤ ማኑሄ ግን ፈርማ ስታበቃ ቀድማ ወጥታ፣ የነጠላዋን ጫፍ የምታስተካክል መስላ አጠገቧ ቆማ ነበር። ወደ የሺ ዞራ ጠቀሰቻትና በከንፈሯ ብቻ ነገረቻት፦ «አባባ እያለች ነው።»