ሳሎን ውስጥ የታሰረው ፈረስ

አያ እንግዳው ሳሎናቸው ውስጥ ፈረስ አስረዋል ተብሎ እንጅባራ አንድ ሰሞን ሌላ ወሬ አላስገባም አለች። ሲያሽካካ በጆሮዬ ሰማሁ ያለም አልጠፋም። ጎረቤታቸው ሙሉነሽማ ባዶ እጅ አይገባም ብላ አንድ እቅፍ ሣር ይዛ ከች አለች።

"እስቲ አሳዩኝ፣ አያ!"

ፈረስ የለም። ያለው ወንበር ነው። ያሽካካውም የአናጢ ሞረድ ነው።

አያ እንግዳው ዕድሜያቸውን ኮርቻ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። አምና ዳሌያቸው ተሰብሮ ሐኪሙ "ከእንግዲህ ፈረስ የለም" ሲላቸው አኮረፉ። ሐኪሙን ቢያኮርፉ ደግ ነበር፤ ያኮረፉት ወንበርን ነው። "ወንበር የበሽተኛ ነው" ብለው አልጋ ላይ ተጋደሙ። አልጋስ የማን ነው ብሎ የደፈራቸው የለም። ሰው ሊጠይቃቸው ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። አናጢዋ ልጃቸው እንቁ እንደተጋደሙ ይቀሩብኛል ብላ ፈራች። የፈረሰኞች በዓል፣ ጥር ሃያ ሦስት፣ ደግሞ እየደረሰ ነው።

ከሰል አክሳዮች ከክምሩ አልገጥም ቢላቸው የጣሉትን ጎባጣ የዲከረንስ ዛፍ ግንድ አመጣችና ወንበር ትሠራበት ጀመር። መቀመጫውን እንደ ፈረስ ጀርባ ሰርጎድ፣ መደገፊያውን እንደ አንገት ቀና አደረገችው። የሙሉነሽን ሣር ትራስ ውስጥ ጠቀጠቀችው።

አያ እንግዳው ከአልጋቸው ሆነው ብዙ አዩት። ከዚያ ተነሡ! እንደ ሰው ከፊት ለፊት ቢቀመጡ ምን ነበረበት? በግራ በኩል ዞረው፣ የወንበሩን እግሮች ያያያዘውን ዘንግ እንደ እርካብ ረግጠው ሊወጡ ሲሉ ወንበሩ ወደሳቸው አጋደለ። እንቁ ደርሳ በብብታቸው ያዘቻቸው።

"አባየ! ወንበር እኮ ነው!"

"ይሁና! ገና አልተገራም!"

እንቁ ልትከራከር አሰበችና ተወችው። ሰውየው ከተነሡ ወዲያ ምን ክርክር አለ? የግራውን እግር ወደ ውጭ አስፍታ እንደገና ሠራችው። የሙያ ጓደኞቿ አናጢዎች "እግሩ ተንጋደደብሽ" ብለው ሳቁባት።

"መውጫው በዚያ በኩል ነው" አለቻቸው።

በበዓሉ ቀን ወንበሩ ባጃጅ ጣሪያ ላይ ታስሮ ሜዳው ደረሰ። አያ እንግዳው ካባቸውን ደርበው፣ አንገቱን ከፊታቸው አድርገው በግራ ወጡበት፤ ንቅንቅ አላለም። የድሮ ጓደኞቻቸው በፊታቸው ሲያልፉ ልጓም ያዝ እያደረጉ እጅ ነሷቸው። ሙሉነሽ ከጎን ቆማ "የኔ ሣር ነው የተሸከማቸው" እያለች ላገኘችው ሁሉ ታወራለች።

በመጨረሻ ፈረሶቹ ወደ ማዶ ሸመጠጡ። አቧራው ቀረ። አያ እንግዳው ጎንበስ ብለው የወንበሩን አንገት ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት።

"እንቁየ፣ እኛስ መቼ ነው የምንነሣው?"

ሙሉነሽ ከትራሱ ሾልኮ የወጣውን ሣር መልሳ ጠቀጠቀችው።