ከወለሉ ሥር የተኛው

ልጅ ሳለሁ፣ ኔዘርላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ ሙርዋይክ ሰፈር ውስጥ፣ እናቴ የማታ ፈረቃ ስትገባ ከላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ጋሽ ወርቁ ወርደው ይጠብቁኝ ነበር። መብራቱን ያጠፉና ከጋዝ ማሞቂያው ፊት ተቀምጠው፣ የሰማያዊው ነበልባል ብርሃን ጉንጫቸው ላይ እየተወዛወዘ፣ ሁልጊዜ አንድ ተረት ይነግሩኝ ነበር፤ ለዓመታት ስለተዘጋ ቤትና ከወለሉ ሥር ስለተኛ ነጭ ፍጡር። ቤቱን የወረሰው ሰው ቸኩሎ፣ ውሃ ሳይረጭ ጠረገው። የተኛው ነቃ። አልጮኸም፣ አልነከሰም፤ የሰውየው ደረት ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለና ሃያ ዓመት ጠብቆ ትንፋሹን መብላት ጀመረ። እዚህ ላይ ሲደርሱ ሳል ይይዛቸዋል። ያኔ ሳላቸው የተረቱ ክፍል ይመስለኝ ነበር።

«አንተ፣ ውሃ ቢረጭበት ኖሮስ?» እላቸዋለሁ፤ እዚህ ያደግሁ ልጅ፣ አንቱታ አልለመድሁም።

««አንተ» ማለትህን ለእናትህ እነግራለሁ። ውሃ ቢረጭበትማ አይነቃም ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልረጨም?»

«ማን ነግሮት» ይላሉ።

ባለፈው ዓመት እኔና ባለቤቴ ብሌን ሮተርዳም ከተማ ዙይድ ሰፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የኖረ አሮጌ ቤት አገኘን። ከማደሳችን በፊት ማጽዳት ነበረብን። እኔ ክፍል በክፍል ዝርዝር አወጣሁ፤ የወጥ ቤቱ ቅባት፣ የመታጠቢያ ቤቱ ሻጋታ፣ ወለሉን በባለሙያ ማስመርመር። ብሌን የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

«ዝርዝርህን አርመህ ሳትጨርስ ልጅቷ ትወለዳለች» አለችኝ።

አፈርሁ። ምርመራውን ዘልዬ የኮሪደሩን አሮጌ የፕላስቲክ ንጣፍ በመፋቂያ ገነጠልሁት፤ አንድ ስንዝር ያህል። ጀርባው እንደ ወፍራም ካርቶን ግራጫ ነበር። በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ነጭ ብናኝ ቀስ ብሎ ተነሳ። ብሌን መጥረጊያ ይዛ መጣች።

«እንዳትጠርጊ» አልኋት። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም።

«አቧራ እኮ ነው።»

«ውጪ፣ ብሌን። እባክሽ ውጪ።»

እርጥብ ጨርቅ አለበስሁት፣ ዙሪያውን ውሃ ረጨሁ፣ በሩን ዘግቼ ተከተልኋት።

የዘለልሁትን ምርመራ አስደረግሁ፤ ውጤቱ መጣ፤ አስቤስቶስ ነው፣ ሳንባ ገብቶ የሚቀርና ከዓመታት በኋላ የሚያሳምም ብናኝ። ባለሙያዎች ልዩ ልብስ ለብሰው አነሱት። የተነፈሳችሁት ለአፍታ ብቻ ስለሆነ አደጋው ትንሽ ነው አሉን። ትንሽ ማለት ስንት እንደሆነ ጠየቅሁ።

የዚያን ቀን ለእናቴ ደውዬ ጋሽ ወርቁ ምን ይሠሩ እንደነበር ጠየቅኋት።

«አሮጌ ቤት ሲያፈርስ አልነበር እንዴ» አለችኝ። «ሳንባው ነው የገደለው። ያለ ጭምብል ያሠሩት ነበር።»

ለእሳቸው የነገራቸው ሰው አልነበረም። ለእኔ ነግረውኝ ነበር፤ ነገር ግን ትዝ ያለኝ አንድ ስንዝር ከገነጠልሁ በኋላ ነው።

አሁን እዚያው ቤት እንኖራለን፤ ልጃችን አራት ወሯ ነው። ኮሪደሩ አዲስ እንጨት ቢነጠፍበትም ሳልረጭ አልጠርግም። ብሌን ከጓዳ ስታስል መጥረጊያውን አቁሜ አዳምጣለሁ። ሳሉ ካልደገማት መጥረጌን እቀጥላለሁ።