ቁስልሽን አሳዪን

መጀመሪያ የተሰማኝ ከእምብርቴ በታች በስተቀኝ የሚወጋ ሕመም ነው። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ነበር። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ፤ ተማሪዎቼ ሳቁ። ላነሳው ጎንበስ ካልኩ በኋላ ቀና ማለት አቃተኝ።

ያን ጊዜ ቡሬ አጠገብ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምር ነበር። ባለትዳር ነኝ፤ ገና አልወለድኩም። ፍኖተ ሰላም በአልትራሳውንድ ስመረመር ቀኝ ኦቫሪዬ ላይ ብርቱካን የሚያህል ሲስት፣ ማለትም ውኃ የቋጠረ እብጠት ተገኘ። ኦቫሪ የሴት እንቁላል የሚገኝበት ክፍል ነው። ሐኪሙ አልሸሸገኝም። "ከተጠማዘዘ ደም ይቋረጥበታል። ኦቫሪውን ልናጣው እንችላለን።"

አዲስ አበባ ላኩኝ። እዚያ የተደረገልኝ ላፓሮስኮፒ ይባላል። ሆድ በጋዝ ይነፋል፤ በእምብርት በኩል ቀጭን ካሜራ ይገባል፤ በሌሎች ትንንሽ ቀዳዳዎች መሣሪያዎቹ ይሠራሉ። ከማህፀን ውጭ ለሚያዝ እርግዝናና የመካንነትን መንስኤ ለመፈለግም ይጠቀሙበታል። ሲስቱ ወጣ፤ ኦቫሪው ተረፈ። ስነቃ ትከሻዬን አመመኝና ደነገጥኩ፤ የጋዙ ትራፊ ነው አሉኝ፤ እንዳሉትም ጠፋ። ስወጣ ሐኪሟ ወደ ፕላስተሩ እየጠቆመች "ደረቅ ይሁን። ማንም እንዳይነካው" አለችኝ።

ከአዲስ አበባ ተመልሼ ያረፍኩት በትምህርት ቤቱ አቅራቢያ፣ በባለቤቴ እናት በእማማ ትርንጎ ቤት ነበር። እርሳቸው በቀዶ ጥገና የወለዱ ናቸው፤ ጠባሳቸው ረጅም ነው። የእኔን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። "ካልቀደዱሽ በምን አወጡት?" ውኃው ተመጦ፣ ቀሪው በትንሽ ከረጢት ተጎትቶ እንደወጣ አስረዳሁ። ባስረዳሁ ቁጥር ጥርጣሬያቸው ባሰ። ጠያቂ ሲመጣ ፕላስተሩን ገለጥ አድርገው "እስቲ እናንተ ፍረዱ" ይላሉ። አንዷ ጎረቤት "እታለም፣ ለዚች ነው አዲስ አበባ ድረስ የሄድሽው? የኛ አጥር እሾህ እኮ ከዚህ የባሰ ይወጋል" ብላ ቤቱን አሳቀችው። አንዳንዱ በጣቱም ነካ አደረገ። ሐኪሟ ከልክላለች ብል፣ ዘመድ ምን ያደርግሻል አሉኝ።

ከዚያ ብርድ ብርድ አለኝ። አተኮሰኝ። እምብርቴ ቀላ። መግል ቋጠረ፤ ሸተተ።

እማማ በሽታው ውስጤ እንደቀረ አመኑ። ግሽ ዓባይ ጸበል ሊወስዱኝ በቅሎ አስጫኑ። መግሉ የተረፈው ኦቫሪዬ ዘንድ ደርሶ ይሆን? ሌላ አላሰብኩም።

የንስሐ አባታችን ሊጸልዩልን መጥተው ነበር። ፕላስተሩ ሲገለጥላቸው ፊታቸውን መለሱ። "ጸበሉ የትም አይሄድ፤ ድና ትጠመቃለች። አሁን ሐኪም ቤት ውሰዷት፤ ይህንንም ሸፍኑት።"

ፍኖተ ሰላም ቁስሉን በረጅሙ ቀደው መግሉን አጠቡ። ወደ ውስጥ እንዳልዘለቀ እስኪነገረን እማማ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ሐኪሙ "ስንት ሰው ነው የነካው?" ሲላቸው እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉ።

ማገገሙ ዝግ ያለ ነበር፤ በመርፌና በኪኒን፣ እማማም እጃቸውን ታጥበው ካልሆነ ወደ አልጋዬ ሳይጠጉ፣ መጀመሪያ እስከ ደጁ፣ ቆይቶም እስከ ትምህርት ቤቱ በር በእግሬ መሄድ ቻልኩ። ኦቫሪው ደህና ነው፤ ልጅ ገና እየጠበቅን ነው።

ይህ ሕክምና የሚጠብቃችሁ እህቶቼ፣ የውጩ ቁስል ትንሽ ስለሆነ ውስጡ አልተነካም ማለት አይደለም። ከሆስፒታል ሳትወጡ ሐኪሙ ራሱ ለቤተሰባችሁ ያስረዳ። ትኩሳት፣ መቅላት ወይም መግል ካያችሁ አትዘግዩ።

ሐኪሞቼንና የንስሐ አባታችንን አመሰግናለሁ። እማማንም። ያቺ የቀለደችው ጎረቤት ልጇ በዚሁ መንገድ ታክማ ስትመለስ እማማ ቀድመው ሄደው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ጠያቂው "ቁስልሽን አሳዪን" ሲል፣ "የምራቴን ጠባሳ እዩ፤ እሱ አሁን ረጅም ነው" አሉ። የልጅቷን ፕላስተር ማንም አልገለጠው።