ባሌ ሸሚዙን ራሱ ያጠበ ጊዜ

እኛ ግራና በሚባለው አገር የሽንኩርት ተባይ የሚገድለውን ሁሉ መድኃኒት ነው የምንለው። ባሌ «ዛሬ መድኃኒት እረጫለሁ» ብሎ መርጫውን አዝሎ ይወጣል። ሲመለስ ሸሚዙን አውልቆ ሳፋ ውስጥ ይጥልልኛል፤ እኔም ከሻሼና ከአንሶላው ጋር ዘፍዝፌ አሸዋለሁ። መድኃኒት ከተባለ ማን ይፈራዋል?

ሁለት ጽንስ ወርዶብኛል። ሦስተኛውን ስፀንስ ከባሌ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እኛ ዘንድ ሆድ ገፍቶ ራሱ እስኪታይ ድረስ እርግዝና አይወራም፤ የሰው ዓይን አለ። አብረውን ለሚኖሩት ለአማቴ እንኳ አልነገርኩም። ይሄኛውንስ ያረቢ አትንሳኝ እያልኩ መርሳ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ነርሷ ገና ልጅ እግር ናት። «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» አለችኝ።

«ኧረ ወላሂ የለም! ቤት ያለው የባሌ ነው።»

«እሱን ምን ያመዋል?»

«እሱንማ ምንም አላመመውም፤ ለሽንኩርቱ ነው እንጂ።»

ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅኩ። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠና ልብሱን ማን እንደሚያጥበው፣ ከዚህ በፊትም ጽንስ ወርዶብኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«እህቴ፣ እሱ እኮ መርዝ ነው» አለችኝ። «ያለፉት በሱ ይሁን በሌላ ነገር፣ እኔ ላውቅልሽ አልችልም። ለጽንስ ግን ጥሩ አይደለም፤ ለሚረጨውም ሰው ቢሆን። ልብሱን አትንኪ፣ ከተረጨ ማሳም አትግቢ። እሱም ሳይታጠብ አጠገብሽ አይምጣ።»

ለባሌም ነገርኩት። ከዚያ ወዲያ ረጭቶ ሲመጣ ለብቻው ያኖራትን አሮጌ ሳፋ ይዞ ወደ ጓሮ ይዞራል፤ ሸሚዙን ራሱ ያሻል። ጎረቤት ያየዋላ! «ምነው፣ ሚስትህ ጥላህ ሄደች እንዴ?» ይሉታል። እውነቱን እንዳይናገር እርግዝናው ምስጢር ነው። «አይ፣ እሷ ስታጥበው አይጠራልኝም» ይላቸዋል፤ ሸሚዙ ደግሞ ድሮውንም ቀለሙ የማይታወቅ ነው። ውሸት እንኳ አያውቅበትም፤ አንጀቴን በላው።

አማቴ ግን ነደዱ። «አንቺ፣ ልጄን ሴት አደረግሽው አይደል? አባቱ እንኳን ሸሚዝ ሊያጥብ፣ ሳፋው የት እንደሚቀመጥ አያውቅም ነበር!»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ» እላለሁ አንገቴን ደፍቼ። በልቤ ግን፣ ቆይ ሆዴ ይግፋና እንተያያለን እላለሁ።

ገፋም። ያኔ ሁሉንም ነገርኳቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ተነሱና ወደ ጓሮ ወጡ። ከዚያ ልጃቸው ላይ ሲጮሁ ሰማሁ፦ «ኧረ በደንብ እሸው አንተ ሰነፍ! ኮሌታውን ምነው ዘለልከው?» እኔ ቤት ውስጥ ሆዴን ይዤ በሳቅ ሞትኩ።

ልጃችን በደህና ተወለደች፤ አልሐምዱሊላህ። ባሌ ከመስክ ሲመጣ ታጥቦ ልብስ ቀይሮ በሩ ላይ ቆመ።

«ግባ እንጂ» አልኩት።

«ቆይ፣ አንዴ ደግሜ ልታጠብ» ብሎ ተመለሰ። ሲመጣ ውሃው ከክርኑ ይንጠባጠባል። ልጅቷን ክንዱ ላይ አስቀመጥኩለት። ያ ሽንኩርት በኩንታል የሚሸከም ሰውዬ እሷን ይዞ አንድ እርምጃ መራመድ ፈራ! ደጋግሞ አያትና እንባው መጣ።

«ያኔም ብናውቅ ኖሮ...» አለኝ። «ሁለቱም...»

እኔም ሸሚዙን ባየሁ ቁጥር የማስበው ያንኑ ነበር፤ አንድም ቀን አውጥቼ አልነገርኩትም እንጂ። አፉን በእጄ ያዝኩት።

«አንገቷን ደግፍ» አልኩት።