ባሌን በዲስክ ያቃጠልን ለታ

እኔን ምን አገባኝ? ፊደል ያልቆጠርሁ፣ የቴሌቪዥኑን መክፈቻ ገልብጬ ይዤ ዛሬ ደግሞ ምን ሆነ የምል አሮጊት፣ የማኽሼቭ፣ እዚህ እስራኤል ኮምፒውተርን የሚሉት ነው፣ ሆድ ውስጥ እጄን ምን ከተተው? ድመት እንኳ የማታውቀው ጉድጓድ ውስጥ እጇን አትሰድም። እኔ ሰደድሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጄ ልትታጭ ነው። ልጁን ወዳዋለች፣ እሱም ወዷታል። በእኛ ዘንድ ግን መዋደድ ብቻውን አይበቃም፣ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በሰባተኛው ቤት እንኳ አንድ አያት ከተገናኘ ዘመድ ናችሁ ተብሎ ነገሩ ይቀራል። በእኛ በኩል ቆጠራውን አጥርቶ የሚያውቅ ባሌ ብቻ ነበር፣ እሱ ደግሞ ከሞተ ሦስት ዓመቱ። ደግነቱ ሳይሞት ልጄ በካሜራ ቀርጾታል፤ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ በአባቱም በእናቱም በኩል ወደ ላይ ሲቆጥር።

የልጁ አያት ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ከሌላ ከተማ ነው የሚኖሩ፣ መንገድም አይችሉም። ወረቀት አታምጡልኝ፣ ከሰውዬው አፍ ልስማ አሉ። ቤታቸው ያለው የዲስክ ማጫወቻ ነው። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ታናሽ ወንድማቸው እኛ ዘንድ አሽቀሎን መጥተው ዲስኩን ተቀብለው፣ ሰንበት ሳይገባ ሊያደርሱላቸው፣ እሑድ ሽማግሎቹ ተሰብስበው ሊቆርጡ። የልጁ እናት እንደሁ ሌላ ልጅ በዓይኗ አይታ አስቀምጣለች። ዲስኩ ካልደረሰ የእኛይቱ ቆጠራ የሌላት ተብላ ልትቀር ነው።

ልጅቱ ጤና ጣቢያ ስልክ የምታነሳ ናት፣ እጇ ለነገር ሁሉ ይቀናል። አዲስ ማኽሼቭ ገዝታ ነበርና ከአሮጌው ላይ የዲስክ መጻፊያውን ነቅላ ወደ አዲሱ አዛወረችው። ሐሙስ ጠዋት ክዳኑን ሳትገጥም፣ ብሎኖቹን ስኒ ማስቀመጫ ላይ ትታ ሥራ ሄደች።

ባየው ሆዱ ተከፍቶ አንድ ግራጫ ገመድ፣ እንደ መቀነት የሰፋ፣ እንደ ምላስ ተዘርግቶ ወጥቷል። እንግዳ ሊመጣ ነው፤ እኔ ደግሞ የተዝረከረከ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም። ገመዱን እንደ ነጠላ አራት አጠፍሁት። ጠርዙን በጥፍሬ ጫን ጫን አድርጌ መስመር አስያዝሁት። በስፌት ክር ሸብ አድርጌ ወደ ጥግ ወሸቅሁት። ክዳኑን ገጥሜ ብሎኑን በቢላ ጫፍ አጠበቅሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ራሴን አመሰገንሁ።

ስትመለስ ማን ዘጋው አለችኝ። ነፋስ ነው አልኋት። የአሽቀሎን የባሕር ነፋስ በር ይዘጋል፣ መስኮት ይሰብራል፣ ብሎን ሲያጠብቅ ግን ታይቶ አይታወቅም። ሳቀችና ሳቭታ፣ አያቴ ማለቷ ነው፣ አንቺ መቼ ነው የምታድጊ አለችኝ፣ ሥራዋን ጀመረች። የገመዱን ነገር አላነሳሁም። ያን ጊዜ ደብቄ አይደለም። መደበቁ በኋላ መጣ።

ከሚግዳል ሰፈር አምስት ባዶ ዲስክ ገዝታ መጥታለች። አንዱን አስገባች። ማሽኑ አቃሰተ፣ ቆየ፣ እንደገና አቃሰተ። ሻይ ጠጥተን፣ ምስር ለቅሜ ጨርሼ ገና እዚያው ነው። በመጨረሻ ተበላሸ ብሎ ዲስኩን ተፋው። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ማኽሼቩን ለሸጠላት ሰውዬ ደወለች፤ እሑድ አምጪው አላት። እሑድ ምን ያደርግልናል?

ኢንተርኔት ላይ አንዱን ገጽ በሌላው ላይ እየከፈተች ስትፈልግ ቆይታ እጇን በአፏ ላይ ጫነች። ምን አገኘሽ አልኋት።

"ይሄውልሽ ሳቭታ፣ ዕቃ የሚያመላልስበት ሁለት ዓይነት መንገድ አለው። አንዱ ዲ.ኤም.ኤ ነው፣ ዕቃው በቀጥታ ያልፋል። ሌላው ፒ.አይ.ኦ ነው፣ እያንዳንዷን ነገር አንጎሉ ራሱ በእጁ ማቀበል አለበት። ይሄ በፒ.አይ.ኦ ነው የሚሠራው። ለዚህ ነው የሚንቀራፈፈው።"

ገባኝ። አማቴ እንደዚያ ነበረች። ጨው እንኳ ከዕቃው ወደ ድስቱ በእሷ እጅ ካላለፈ አይሆንም፤ ወጡ ሲደርስ የበላውም ያልበላውም ተኝቷል። አማቴ ናት ገብታበት ያለች፣ አስወጪያት አልኋት። አልሳቀችም። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር አሳየችኝ። የላይኛው ዲ.ኤም.ኤ ይሁን ተብሎ የታዘዘው ነው፣ የታችኛው አሁን የሚሠራበት፣ ፒ.አይ.ኦ። እሺ ብሎ የማይታዘዝ፣ ልክ እንደኔ።

ቀጥላ አነበበች። ማኽሼቩ ዕቃ ሲያቀብል ደጋግሞ ከተሳሳተ መንገዱን ማመን ይተዋል አለችኝ፤ በራሱ ወደ ቀርፋፋው ይወርዳል፣ ወርዶም እዚያው ይቀራል። ታዲያ ለምን ይሳሳታል አልኋት።

"ገመዱ ሲጎዳ ነው ይላል። ግን ገመዱ ደኅና ነው፣ ራሴ ነኝ የገጠምሁት።"

መደበቁ የመጣው ይሄኔ ነው። ጨርቅ በመታጠፍ አይጎዳም፣ ገመድስ ለምን ይጎዳል እያልሁ ራሴን አታለልሁ። አፌን ከፈትሁ፣ ፊቷን አየሁ፣ ዘጋሁት።

ዓርብ ጠዋት በማለዳ ተነሥታ ዕቃው የሚያልፍበትን መስመር ከማኽሼቩ መዝገብ አጠፋዋለሁ አለች። ማጥፋት የሚለውን ስሰማ ዘልዬ ተነሣሁ። ባሌ ያለው እዚያ ውስጥ ነዋ። የለም፣ ሳባን፣ ወንድ አያቷን ማለቷ ነው፣ አይነካውም፣ ማኽሼቩ መንገዱን ረስቶ እንደ አዲስ እንዲያውቀው ነው አለችኝ። አጠፋች፣ ዘግታ ከፈተች። የታችኛው መስመር ላይ ዲ.ኤም.ኤ ተጻፈ። ተቃቀፍን። ሦስተኛውን ዲስክ አስገባች፣ እንደ ፈረስ ጋለበ። ሲሦው ላይ ሲደርስ ተንገዳገደ። ቆመ። ተፋው። መስመሩን ብታይ ተመልሶ ፒ.አይ.ኦ።

በዚያች ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ገና አራት ሰዓት አልሆነም፣ ዲስኩን የሚወስዱት ሽማግሌ፣ የልጁ አያት ወንድም ናቸው። መኪና አግኝቼ ቀድሜ መጣሁ፣ አልቆይም አሉ። ሳሎን አስቀምጬ ውሃ ሰጠኋቸው። ልጅቱ ውስጥ ሆና እንደገና አጥፍታ፣ እንደገና አራተኛውን አስገባች። ጆሮዬ እዚያ ነው፣ አፌ ሽማግሌውን ያጫውታል፣ ምን እንዳልሁ አላውቅም። ያ ማቃሰት ተሰማኝ። ቀጥሎ የመትፋቱ ድምፅ።

ገባሁ። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አንዱን የቀረ ዲስክ በሁለት እጇ ይዛ እንባዋ ይወርዳል። ድምፅ የለውም፣ ዝም ብሎ ይወርዳል። ስትወለድ የተቀበልኋት እኔ ነኝ፣ እንደዚያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም።

"ልጄ፣ ገመዱን አጥፌዋለሁ" አልኋት።

"ምን?"

"እንደ ነጠላ። አራት። በክር አስሬዋለሁ።"

አየችኝ። ብሎኑን ፈትታ ክዳኑን አነሣችና ክሬን አየች፣ ያውም ቀዩን ክር ነበር፣ እንዳይጠፋ ብዬ። ቆርጣ ዘረጋችው። በጥፍሬ ያስያዝሁት መስመር ላይ ገመዱ ነጥቶ ተሰብሯል። ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ብዙ ሽቦዎች አሉ ለካ። ሰገነት ላይ ከተጣለው አሮጌው ማኽሼቭ ውስጥ ሌላ እንደሱ ያለ ገመድ እንዳለ ትዝ አላት። ሄጄ ላምጣ ብል እጇን ዘርግታ ከለከለችኝ።

"አንቺ ምንም አትንኪ። ሽማግሌውን ያዢልኝ።"

ሳሎን ተመለስሁ። መሽቶብኛል ይላሉ፣ በጠራራ ፀሐይ። ቁጭ ይበሉ አባባ፣ አንድ ጊዜ ነው አልኋቸው። ይኸኔ ልጅቱ ከውስጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "ሳቭታ፣ ዲ.ኤም.ኤ ሆኗል፣ አሁን ሳባን አቃጥለዋለሁ" አለች። በዕብራይስጥ በዲስክ መጻፍን ማቃጠል ነው የሚሉት፤ እሷ ደግሞ እንዳለ ወደ አማርኛ ገለበጠችው።

ሽማግሌው ብርጭቆውን አስቀመጡ።

"ማንን ነው የምታቃጥለው?"

"ባሌን ነው።"

"ሞቷል አላላችሁም?"

"ሞቷል። ለዚያ ነው።"

ምን ላድርግ፣ ልቤ ከአፌ ልትወጣ ደርሳም ነገር አያመልጠኝም። ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። ወደ በሩ ሲሄዱ እጃቸውን ይዤ አስረዳሁ፣ ማልሁ፣ ገመዱንም አማቴንም ጨምሬ ነገርኋቸው። ከዚህ ሁሉ ምን እንደገባቸው እንጃ፣ ብቻ ቆሙ። ሁለታችንም ቆመን የውስጡን ድምፅ እንሰማለን። አይቃትትም። እንደ ንብ እም እም ይላል። እም እም ይላል። በመጨረሻ ጠቅ አለና ጸጥ አለ።

ከዚያ ባሌ ተናገረ።

ከሞተ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም ነበር። የአባቱን ስም ጠራ፣ የአያቱን፣ ወደ ላይ ወጣ። አምስተኛው ላይ ሳል ያዘው። ውሃ ስጪኝ ሲል ይሰማል። ከኋላ የእኔ ድምፅ ደግሞ፣ እግር የለህም ወይ? ተነሥተህ ቅዳ ይለዋል። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝ። አንገቴን ደፋሁ። ውሃውን ጠጣ፣ ሰባተኛውን ጨረሰ፣ ወደ እናቱ ወገን ዞረ። ልጅቱ ዲስኩን እስከ መጨረሻው ሳታየው አልሰጠችም። ሽማግሌው በንጹሕ መሐረብ ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ ከትተው ወረዱ። ልጅቱ ግን ሰንበቱን ሁሉ ከእኔ ጋር ከሁለት ቃል በላይ አልተነጋገረችም።

እሑድ ወደ ማታው ስልክ ተደወለ። ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ አስከፍተው ሰምተዋል፣ ከራሳቸው ቆጠራ ጋር አስተያይተዋል፣ በየትም በኩል አይገናኝም ብለዋል። ልጅቱ ስልኩን አስቀምጣ መጥታ አንገቴን አቀፈችኝ።

በማግስቱ ከደጃፌ ፊት ለፊት ለምትኖረው ጎረቤቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጫወትኋት። የትግራይ ሰው ናት፣ ወሬ አታሽሞነሙንም። ነጠላውን፣ ቀዩን ክር፣ የሽማግሌውን ዱላ ስነግራት እኔ ከሳቄ ብዛት ጎኔን ይዣለሁ። እሷ አንዴም ጥርሷ አልታየም። ስጨርስ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

"ባልሽ ሞቶ ልጅቱን ዳረ፣ አንቺ በቁምሽ ልታስቀሪያት ነበር" አለችኝና ወደ ቤቷ ገባች።